ለጣና ልጆች ካርቱን ማን ይዘዝ?

መኪና ሲመጣ አህያ ከአስፋልቱ መሐል ንቅንቅ የማትለው፣ ፍየል እግሬ አውጪኝ ብላ የምትፈረጥጠው፣ ውሻ ደግሞ ከጎማው ሥር ሥር እየሮጠ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ ያልሰማ ከተሜ ጥቂት ነው። ሦስቱ አንድ ታክሲ ተሳፍረው ነበር ይባላል። አህያ ሒሳቧን ከፍላ ስለወረደች ማንንም አትፈራም። ፍየል ሳትከፍል ነው የወረደችው። ውሻ ግን ድፍን ብር ሰጥቶ መልሱን ሳይቀበል ታክሲው ጥሎት ሄደ። ይህችን የሰፈር ጨዋታ ሠዓሊው ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» በሚል ርእስ አጭር የአኒሜሽን ፊልም አድርጓታል።

ዕዝራ አዲስ አበባ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ያቀና፣ በቦስተንና በኒው ዮርክ ሥዕል የተማረ ባለሙያ ነው። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈትናል። ሸራ ላይ አንድ ሥዕል ይሥላል፤ ፎቶ ያነሣዋል። ከዚያ በዚያው ሸራ፣ በዚያው ቀለም ላይ ደርቦ፣ አንዱን ነገር ትንሽ አንቀሳቅሶ እንደገና ይሥላል፤ እንደገና ያነሣል። ፊልሙ ሲያልቅ ሸራው ላይ የሚታየው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ከሥሩ ተደርበው ቀርተዋል። ዕዝራ በዚህ ብቻ አልቆመም። አዲስ የቪዲዮ ጥበብ ፌስቲቫልን መሥርቶ የውጭውንና የአገር ውስጡን ሥራ በአዲስ አበባ ለሕዝብ ሲያሳይ ቆይቷል።

ግን ዕዝራ ሥራውን የሚሠራው ኒው ዮርክ ነው፤ መንገዱም የሥዕል ጋለሪዎች መንገድ ነው። በአገር ቤት፣ በየሳምንቱ፣ ለልጆች የሚሠራ የካርቱን ዳይሬክተር ከየት ይመጣል? ጥያቄው በባሕር ዳር ሲነሣ የተለመደው መልስ ሥልጠና ይሰጥ፣ ኮምፒውተር ይገዛ፣ ውድድር ይዘጋጅ የሚል ነው። ሦስቱም አይጠሉም። ዳይሬክተርን ዳይሬክተር የሚያደርገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እየደጋገመ የሚጨርሰው ሥራ፣ ማለትም የማይቋረጥ ትእዛዝ።

ለዚህ ከማንም በላይ የሚመሰክሩት በየቤቱ የሚታወቁት ቶምና ጄሪ ናቸው። ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ይህችን ድመትና ይህችን አይጥ በኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞችን አብረው ሠሩ፤ ሰባቱ ኦስካር አገኙ። ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ ድመት አይጥ ታሳድዳለች። ሁለቱ ሰዎች 18 ዓመት ሙሉ ያንኑ ማሳደድ እየደጋገሙ ነው የትኛው እርምጃ እንደሚያስቅ፣ የትኛው ዝምታ እንደሚያስደነግጥ የተማሩት። መቶ አሥራ አራተኛውን የሠራው እጅ የመጀመሪያውን የሠራው እጅ አልነበረም።

ሌላው ምስክር ቸክ ጆንስ ነው። ወደ ሙያው የገባው ከታች ነው፤ ሌሎች የሣሉባቸውን ግልጽ ፕላስቲኮች ለዳግም አገልግሎት በማጠብ። ቀስ በቀስ ወደ ሥዕል አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በዋርነር ብራዘርስ ካርቱኖች ዳይሬክተር ሆነ። በ1949 ደግሞ አንድ ሯጭ ወፍና ዘላለም የሚያሳድደውን ምስኪን ተኩላ መሰል አውሬ፣ ኮዮትን፣ ለዓለም አስተዋወቀ። ኮዮቱ ከገደል ሲወድቅ የሚታየው ከላይ ነው፤ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል፤ ከዚያ ታች ከሸለቆው ትንሽ አቧራ ቡን ይላል። ጆንስ ይህን በፍሬም ቆጥሮታል። ኮዮቱ ወድቆ እስኪጠፋ 18 ፍሬም፣ ከጠፋ በኋላ አቧራው እስኪነሣ 14 ፍሬም። በ13 አያስቅም፤ በ15ም አያስቅም። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ስለሚሮጥ በሳቅና በዝምታ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሴኮንድ አንድ ሃያ አራተኛ ነው ማለት ነው።

የካርቱን ዳይሬክተር ዋና ሥራ ይኸው ነው። እያንዳንዱን ሥዕል ራሱ አይሥልም። ቁልፍ የሆኑትን አቋቋሞች ይሥላል፤ የትኛው እንቅስቃሴ ስንት ፍሬም እንደሚወስድ በሠንጠረዥ ላይ ይጽፋል፤ ለድምፅ ተዋናዩ ቃሉን እንዴት እንደሚል ያሳያል፤ ለሙዚቃው ሰው ምቱ የት እንደሚያርፍ ይነግራል። የቀረውን ሌሎች ይሞሉታል። ይህን ቆጠራ ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ጆሮና ዓይን ላይ የሚቀመጠው ግን ተሠርቶ፣ ለተመልካች ታይቶ፣ ሳያስቅ ሲቀር ተነቅሶ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሲሠራ ነው።

በኢትዮጵያም ይህ መንገድ ተሞክሯል፤ ሠርቷልም። የአዲስ አበባ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋመች። አሻንጉሊቶችን ከካልሲ ሰፍተው፣ ቤታቸውን ስቱዲዮ አድርገው፣ አኒሜሽኑን ራሱን እየሠሩ ተማሩ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ፕሮግራማቸው በሚቀጥለው ዓመት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይም መዋዕለ ሕፃናት ደጅ ረግጠው ለማያውቁ ብዙ ልጆች የመጀመሪያዋ መምህርት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2008 ሙኒክ ላይ በሚካሄደው ፕሪ ዠኔስ የልጆች ቴሌቪዥን ውድድር ተሸለመች፤ ብሩክታዊት ራሷ በ2010 የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አገኘች። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ለነገራችን የሚበጀው። ያው ቡድን ዓመታት በአሻንጉሊት ከሠራ በኋላ ሦስት ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ይዘው ያለዕድሜ ጋብቻንና ስለ ወር አበባ ያለውን እፍረት የሚጋፈጡበትን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ የካርቱን ተከታታይ ሠራ። ከካልሲ አሻንጉሊት ወደዚያ ለመድረስ መሰላሉ የተከታታዩ ክፍሎች ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አሳሳቢ ነው። በአገራችን ለልጆች የሚሠራ ትምህርታዊ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በለጋሽ ድርጅት ድጋፍ ነው። ለጋሹ የሚያዝዘው መልእክት ነው፤ እጅ መታጠብ፣ ወባ፣ ንባብ። መልእክቱ አስፈላጊ ነው፤ የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ ግን ሠሪዎቹ ይበተናሉ። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ሲዘጋ በየዘርፉ የታየው ይኸው ነው። የካርቱን ሙያ በሌላ አገር በጀት ላይ ተንጠልጥሎ ሥር አይሰድም።

እዚህ ላይ ወደ ባሕር ዳር እንምጣ።

ከከተማዋ በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ የሚሄድ ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሉን ቆሞ ማየት አይቻልም፤ መዞር ግድ ነው። ተመልካቹ በተራመደ ቁጥር ታሪኩ አብሮት ይራመዳል፤ አንዱ ምዕራፍ አልቆ ሌላው ይቀጥላል። ትረካን በተከታታይ ሥዕል መክፈል ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በገበያ በሚሸጠው የሸራ ሥዕል ብዙ ጊዜ በ44 ክፈፎች ተከፍሎ ነው የሚተረከው፤ የካርቱን ሰዎች ከቀረጻ በፊት ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት ስቶሪቦርድም በአሠራሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከዚህም የሚጠልቅ ነገር አለ። የቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል፤ ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ምእመን፣ ራቅ ብሎ የቆመ ሕፃን እንኳ፣ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ጥሩ የካርቱን ዳይሬክተር ከሚያስጨንቁት ነገሮች ዋናው ይህ ነው፤ ገጸ ባሕርይው ገና ብቅ ሲል፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ልጁ ማንነቱን እንዲያውቅ። የጣና ዳር ሠዓሊዎች ይህን ጥያቄ ከዘመናት በፊት ፈትተውታል።

በላዔ ሰብእንም እንውሰድ፤ ዑራ ላይ ተሥሎ ይታያል። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው ነው። አንድ በውኃ ጥም የተቃጠለ ድውይ ለምኖት ለምኖት፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ በአንድ ወገን ሰባ ስምንት ነፍስ፣ በሌላው ወገን ያቺ ጥርኝ ውኃ ሆነች። ከዚያ የእመቤታችን ጥላ ውኃው ላይ አረፈና ሚዛኑ ደፋ። ሠዓሊው ይህን ማሳየት የቻለው ቆሞ በቀረ ሚዛን ነው። በአኒሜሽን ግን ሚዛኑ ወደ ሰባ ስምንቱ ያዘመመበት ጊዜ ስንት ፍሬም ይቆይ? ጥላው ስንት ፍሬም ወስዶ ይምጣ? ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቅባት ያቺ ቅጽበት ናት ፊልሙ፤ የጆንስ 14 ፍሬም ያስቃል፣ ይህኛው ያስለቅሳል፣ ሥራው ግን ያው ቆጠራ ነው። እርግጥ እንዲህ ያለው ታሪክ የእምነቱን አባቶች ሳያማክሩ የሚነካ አይደለም። ለጀማሪ ደግሞ ከዚህ ቀለል ያለ ሞልቷል፤ ሐይቁ ራሱ ሰጪ ነው።

የደንገል ታንኳን ያየ ያውቃል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣው ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ ውኃው ላይ አይንሳፈፍም፤ ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ ላይ ሆኖ እየረጠበ ነው የሚሄደው። ቀዛፊው በግራ በቀኝ ሲመታ ጭነቱ አብሮ ያዘነብላል፤ ማዕበል ሲመጣ አፍንጫው ብቻ ቀና ይላል። ዳር ሲደርስም ውኃ ስለጠጣ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ክብደትን ማሳየት ለአኒሜሽን ተማሪ ከባዱ ፈተና ነው፤ በየትምህርት ቤቱ የምትነጥር ኳስ የሚያስሥሉትም ለዚህ ነው። የባሕር ዳር ተማሪ ኳሱን ከሣለ በኋላ እንጨት የጫነውን ታንኳ፣ ቀጥሎም ከውኃ ወጥቶ ወደ ሣሩ የሚወጣውን ጉማሬ ቢሥል የሐይቁ ዳር ሁሉ መማሪያው ይሆናል።

ድምፅስ? አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2017 አረፉ። ጅቡንም፣ ጦጣውንም፣ ንጉሡንም በአንድ ጉሮሮ ነበር የሚጫወቱት። ከዚያ ድምፅ አጠገብ በየሳምንቱ አንድ ሠዓሊ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረስን ብሎ መቆጨት ይገባል። ዛሬ ግን የድምፅ ተዋናይ እጥረት አለ ማለት አይቻልም። ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ሲያቀርብ በርካታ ወጣቶች በድምፅ ብቻ መተወንን ተምረዋል። ባሕር ዳር ራሷ የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ተዋንያንና ሙዚቀኞች አሏት። አዝማሪ ደግሞ ለካርቱን የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሩን ከፍቶ የገባውን እንግዳ አይቶ፣ አረማመዱንና ልብሱን ለቅሞ፣ ማሲንቆውን በዚያው ቅጽበት የሚያስከትል ባለሙያ ነው። በዋርነር ካርል ስቶሊንግ የሚባል ሙዚቀኛ ለእያንዳንዱ እርምጃና ውድቀት ኖታ እየጻፈ የሠራውን አዝማሪው ከጉልበቱ ላይ ያወጣዋል።

መሣሪያው ውድ ነው የሚለው ክርክርም ዛሬ ብዙ አያራምድም። ብሌንደርና ኦፕንቱንዝ የተባሉት የአኒሜሽን ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። የሕዝቧ ቁጥር ሁለት ሚሊዮን የማይሞላው ላትቪያ እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካርን የረጅም አኒሜሽን ሽልማት የወሰደችው በብሌንደር በተሠራው «ፍሎው» ነው፤ ጎርፍ ዓለምን ሲውጥ በጀልባ ስለምትሸሽ ድመት የሚተርክ፣ አንድም ቃል የማይነገርበት ፊልም። ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ ከየት መጣ? በ2012፣ ገና ለጋ ወጣት ሳለ፣ ውኃ ስለምትፈራ ድመት አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር። ከዚያ ሌላ አጭር፣ ሌላ አጭር። ከዚያም ብቻውን ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ የደከመበት ረጅም ፊልም። ከሁሉም በኋላ ነው ወደ ድመቷ የተመለሰው። የላትቪያ መንግሥት ለፊልም የመደበው ገንዘብም ከጀርባው ነበር።

ከአፍሪካም ቀዳሚ አለን። የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን እ.ኤ.አ. በ1966 እንቁራሪቶችን ፕሬዚዳንትና ባለሥልጣን አድርጎ በእጁ የሣለው አጭር ካርቱን ነጻነታቸውን ገና ለተቀበሉት አገሮች ራሳቸውን ማያ መስታወት ሆኖ ነበር። ኒጀር በዚያ ዘመን ከባሕር ዳር የተሻለ ምን ነበራት?

እንግዲህ ጥያቄው ወደ አንድ በር ይመራል። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው፤ ቴሌቪዥን አለው፣ ሬዲዮ አለው፣ «በኵር» ጋዜጣ አለው። ከእርሱ የሚጠበቀው ግዙፍ ስቱዲዮ መገንባት አይደለም። በዓመት አሥር አጫጭር ካርቱኖችን፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ የሆኑ፣ ከከተማዋ ወጣት ሠዓሊዎች በውል ማዘዝ ነው። ሦስት ደቂቃ 180 ሴኮንድ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል እንደተለመደው ለሁለት ፍሬም ቢቆይ በሴኮንድ 12 ሥዕል፣ ለአንድ ፊልም 2,160 ሥዕል ያስፈልጋል። አራት አምስት ሆነው ተከፋፍለው ለሚሠሩት ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ክፍልና ኮምፒውተር ሊሰጥ ይችላል። የዓመቱ አሥር ፊልም ከአምስት ዓመት በኋላ ሃምሳ ይሆናል፤ ሃምሳ ፊልም የሠራ ቡድንም ተመልካቹ የት እንደሚስቅ የሚያውቅ ዳይሬክተር አያጣም።

በዚህ ሁሉ ችግር መሐል ካርቱን ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በአማራ ክልል በግጭት ምክንያት ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ የተፈጠረችው ግን ትምህርት ቤት ላላገኙ ልጆች ነበር። መምህር በማይደርስበት ቤት የሚደርስ ምስል ካለ፣ ያ ምስል የልጁን ሐይቅ፣ የልጁን ቋንቋ፣ የልጁን አያት ቢመስል ጥቅሙ እጥፍ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በስልክ የሚያዩት ካርቱን በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ በረዶ ያውቃሉ፣ ታንኳ የሚቀዝፍ ጀግና ግን አላዩም።

ውሉ ሲጻፍ አንድ አንቀጽ እንዳይረሳ ያስፈልጋል። ቸክ ጆንስ ዋርነር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሰናበተ፤ ክፍሉም በሚቀጥለው ዓመት ተዘጋ። ያሳደጋቸው ገጸ ባሕርያት ግን የኩባንያው ንብረት ሆነው ቀሩ። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው ይላል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋ ሐረግ በር ትከፍታለች። አዛዡ የማሰራጨት መብቱን ይያዝ፤ የገጸ ባሕርዩ ባለቤትነት ግን ቢያንስ በከፊል ለሠዓሊው ይጻፍለት፤ ስሙም በፊልሙ መጀመሪያ ላይ በጉልህ ይውጣ። ያ ጉማሬ ወይም ያቺ ታንኳ ነገ በደብተር ሽፋን፣ በቲሸርት፣ በሌላ ጣቢያ ብትፈለግ ከሽያጩ ለሣላት እጅ የሚደርሰው ገንዘብ የሚቀጥለውን ፊልም ወረቀትና ኤሌክትሪክ ይከፍላል።